ሳይጠይቅ የሚሸጥ፣ ሳያውቅ የሚገዛ

የማኅበር ሱቅ ሲነሣ ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው በር፣ ቁልፍ፣ ሚዛንና ደረሰኝ ነው። ሱቁ በዕቃ ከተሞላ፣ ሚዛኑ ካልዋሸና ሒሳቡ ካልጎደለ ሥራው እንደተሠራ ይቆጠራል። ይህ አስተሳሰብ በጊዜው ስሕተት አልነበረም። ዛሬ ግን በሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ በዓይነት እየበዛ በመሄዱ፣ ከሚዛኑ ጀርባ የቆመው ሰው ምን ያህል ያውቃል የሚለው ጥያቄ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የሚወስን ጉዳይ ሆኗል። ስለሆነም የማኅበራት መሪዎች ሻጭ በሚመርጡበት ጊዜ ከታማኝነቱ ቀጥሎ ዕውቀቱን ሊመረምሩ ይገባል።

ነገሩ ከየት እንደተነሣ ማስታወስ ይጠቅማል። ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ተቋቁመው፣ በእነርሱም ላይ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲመሠረቱ፣ የማኅበር ሱቆች የሚሸጡት ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ስኳርና አቡጀዲ የመሳሰሉትን ነበር። ጨው ጨው ነው፤ ገዢው ምን ያህል እንደሚፈልግ ይናገራል፣ ሻጩ ይመዝናል፣ ገንዘቡን ይቀበላል። ማዳበሪያም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር። ገበሬው «ይህ ለእኔ ማሳ ይስማማል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት አጋጣሚ እምብዛም አልነበረም።

ያ ሁኔታ ተለውጧል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 147፣ ኋላም በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 985 መሠረት በአዲስ መልክ ሲደራጁ፣ ከነዋሪው ፍጆታ ይልቅ ዋና ሥራቸው ዘር፣ ማዳበሪያና የሰብል መከላከያ ማቅረብ እየሆነ መጣ። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ዘር አምራቾች በወኪሎቻቸው አማካይነት ለገበሬው በቀጥታ መሸጥ በመጀመራቸው፣ ገበሬው በኮታ የመጣለትን ከመቀበል አልፎ ከብዙ ዓይነት መካከል ለመምረጥ ቻለ። ከዳፕና ከዩሪያ ሌላ ድኝ ያለበት ኤን ፒ ኤስ፣ ቦሮን የተጨመረበትም ጭምር ወደ ገጠር ደረሰ። የአረምና የተባይ መከላከያው በጠርሙስ፣ በፓኬትና በጀሪካን ተደርድሮ ይታያል። ይህ ሁሉ ለገበሬው መልካም ዕድል ነው። ዕድሉ ግን የሚጠቅመው መምረጥ ለሚችል ሰው ነው።

ምርጫ ሲበዛ

የዕቃ ዓይነት መብዛት ገዢን ሊያደናግር እንደሚችል በሌላ አገር በጥናት ተሞክሯል። ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በአንድ የምግብ መደብር ውስጥ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት በሰፊው ይታወቃል። በጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ 24 ዓይነት፣ ሌላ ጊዜ 6 ዓይነት ማርማላታ ለቅምሻ አቀረቡ። ቆመው ከተመለከቱት ገዢዎች መካከል 6 ዓይነት ካዩት ከመቶ 30 ያህሉ ሲገዙ፣ 24 ዓይነት ካዩት ግን የገዙት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ውጤቱ በየቦታው አንድ ዓይነት አለመሆኑን አሳይተዋል። የሚፈልገውን አስቀድሞ የሚያውቅ ገዢ በዕቃ ብዛት አይቸገርም፤ የሚቸገረው ስለ ዕቃው ዕውቀት የሌለውና ልዩነቱን መለየት ያልቻለው ነው።

ማርማላታ የተሳሳተ ሰው የሚያጣው የአፍ ጣዕም ነው። ዘር የተሳሳተ ገበሬ ግን የሚያጣው አንድ ክረምት ነው። ደግሞም ገበሬው እንደ ከተማ ገዢ ግራ ስለተጋባ ሳይገዛ አይመለስም። ዝናቡ ጀምሯል፣ ማሳው ታርሷል፣ ጎረቤቱ እየዘራ ነው። ስለዚህ አንዱን ያነሣል። የሚያነሣውም ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ የያዘውን፣ ወይም ሥዕሉ ያማረውን፣ ወይም ዋጋው ዝቅ ያለውን ነው። ከሦስቱ አንዱም ስለ ማሳው የሚናገረው ነገር የለም።

ከብዙው ወደ ሁለቱ

ዐዋቂ ሻጭ የሚባለው የዕቃውን ስም ሁሉ በቃሉ የሚደረድር አይደለም። ስም መደርደር ገዢውን የባሰ ያደናግረዋል። የዐዋቂ ሻጭ ሥራ ከአሥሩ ዕቃ ስምንቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ ለዚህ ገበሬ የሚስማሙትን ሁለቱን ከፊቱ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ የሚጠቀምበት መሣሪያ ጥያቄ ነው።

የበቆሎን ዘር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያው ጥያቄ ማሳው የት ነው የሚለው ነው፤ ደጋ፣ ወይና ደጋ ወይስ ቆላ? ሁለተኛው ዝናቡ መቼ ገብቶ መቼ ይወጣል የሚለው ነው። በባኮ ምርምር ማዕከል የተገኘው ቢ ኤች 660 የተባለው ድቃይ ዘር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ላለው፣ ዝናብ ለሚበዛበት አገር የሚስማማ ሲሆን፣ ለመድረስ 160 ቀን ያህል ይፈጃል። ቢ ኤች 540 ደግሞ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይዘራል፤ በ145 ቀን ገደማ ይደርሳል። ዝናቡ አጥሮ በሚያልፍበት በስምጥ ሸለቆና በመሰል ቦታዎች ግን ሁለቱም አያዋጡም፤ እዚያ የሚያስፈልገው እንደ መልካሳ 1 ያለ በ90 ቀን አካባቢ የሚደርስ ነው። ዘጠና ቀን ዝናብ ለሚያገኝ ገበሬ የ160 ቀን ዘር የሸጠ ሰው ጥሩ ዘር ሸጧል፤ ገበሬው ግን የሚያጭደው አገዳ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሻጮች የሚዘነጉት ነው። ገበሬው ለከርሞ የሚዘራውን ከምርቱ ላይ ሊያስቀር ያስባል? የቢ ኤች ዝርያዎች ድቃይ በመሆናቸው ዘሩ በየዓመቱ አዲስ መገዛት አለበት። ከምርቱ ላይ ተለይቶ የተዘራ እንደሆነ አዝመራው ወጥነቱን ያጣል፤ ምርቱም ይቀንሳል። የመልካሳ 1 ዓይነቱ ግን ድቃይ ስላልሆነ በጥንቃቄ እየተመረጠ ለተወሰኑ ዓመታት ሊዘራ ይችላል። ይህን ሳይነገረው ድቃይ የገዛ ገበሬ በሁለተኛው ዓመት ምርቱ ሲያሽቆለቁል «ዘሩ አታለለኝ» ይላል። ያታለለው ዘሩ አይደለም፤ ያልተነገረው ነገር ነው።

በጤፍም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ በምርቱና በንጣቱ ስሙ ስለተጠራ ገበያ የሄደ ሁሉ ቁንጮን ይጠይቃል። ዝናቡ ቶሎ ለሚቋረጥበት አገር ግን በ1976 ዓ.ም. የወጣውና ፈጥኖ የሚደርሰው ፀደይ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ገበሬው ስሙን የሰማውን ዘር ሲጠይቅ፣ ሻጩ ደግሞ ማሳውን ሲጠይቅ፣ ትክክለኛው መልስ ከሁለቱ መካከል ይገኛል።

«መድኃኒት» የሚባለው መርዝ

ከዘር ይልቅ ስሕተቱ ፈጥኖ የሚታየውና የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ሽያጭ ነው። በየገበያው እነዚህ ዕቃዎች የሚጠሩት «መድኃኒት» እየተባሉ ነው። ስሙ በራሱ ሰውን ያዘናጋል። መድኃኒት የበሽታውን ስም ሳያውቅ የሚሰጥ ሐኪም የለም፤ የአረሙን ስም ሳይጠይቅ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ግን ጥቂት አይደለም።

አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ ወደ ማኅበሩ ሱቅ ገቡ እንበል።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ጠንካራውን የአረም መድኃኒት ስጠኝ» ይላሉ።

«እሺ አያ፤ ማሳው ላይ የበዛው ምን ዓይነት አረም ነው?»

«ሙጃው ነዋ! ስናርም አለበት።»

«የተዘራው ስንዴ ነው ገብስ?»

«ስንዴ ነው።»

«ከጎኑስ ምን አለ?»

«የጎረቤቴ ባቄላ።»

«ስንዴው ግንድ ማውጣት ጀምሯል?»

«ኧረ ገና ነው፤ አሁን ነው የቆነጠነጠው።»

እነዚህ አራት ጥያቄዎች የፈጁት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ያተረፉት ግን ብዙ ነው። ገበሬው ጠንካራ ያሉት ቱ ፎር ዲ የተባለውን ከሆነ፣ ያ የሚገድለው እንደ መጭ ያለውን ቅጠለ ሰፊ አረም እንጂ ሙጃንና ስናርን አይደለም። ሙጃና ስናር እንደ ስንዴው ሁሉ የሣር ወገን ናቸውና ሳይነኩ ይቀራሉ። ይባስ ብሎ ንፋስ ይዞት ቢሄድ የጎረቤቱን ባቄላ ያቃጥላል፤ ጉዳዩም ወደ ሽማግሌ ይደርሳል። ስማቸው የታወቀው ሌላው ጠንካራ ራውንድአፕ ከሆነ ደግሞ አረምና ሰብል አይለይም፤ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ያደርቃል። ለእኚህ ገበሬ የሚስማማው በስንዴ ውስጥ የሣር ወገን የሆነውን አረም ለይቶ የሚያጠፋ፣ ለምሳሌ ፓላስን የመሰለ ነው። ያውም ስንዴው ግንድ ሳያወጣ ከተረጨ ነው። ይኸው ዕቃ በገብስ ላይ ቢረጭ ግን ሰብሉን ራሱን ይጎዳል። አንድ ጠርሙስ በአንዱ ማሳ ላይ በረከት፣ በሌላው ላይ መርገም የሚሆነው እንዲህ ነው።

የጎተራው ተባይ ነገርም ተመሳሳይ ነው። ነቀዝ ያስቸገራት እናት ወደ ሱቅ መጥታ «የሚጨርሰውን» ስትጠይቅ፣ ያልሠለጠነ ሻጭ በክኒን መልክ የሚመጣውን አልሙኒየም ፎስፋይድ አንሥቶ ሊሰጣት ይችላል። ይህ ዕቃ እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ ነቀዝን እንደሚገድል ሁሉ ሰውንም ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጎተራ ላይ ከቶ ሊጨመር አይገባውም። ዐዋቂ ሻጭ ሴትዮዋን የሚጠይቃት «እህሉ የተቀመጠው የት ነው? ልጆቹስ የት ይተኛሉ?» ብሎ ነው። መልሱን ሲሰማም ክኒኑን ወደ ቦታው መልሶ፣ ውስጡ ሁለት ድርብ ላስቲክ ያለውን አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት ያሳያታል። እህሉ በደንብ ደርቆ ከገባና ከረጢቱ ከታሠረ፣ ነቀዙ አየር አጥቶ ያለ መርዝ ይሞታል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ከትልቅ ጀሪካን እየተቀዳ በውኃ ላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ መርዝ በየገበያው ይታያል። ጽሑፍ የለበትም፣ መጠኑ አይታወቅም፣ ሕፃን ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ዕቃ ወደ ገበያ እንዳይቀርብ ከልክሏል። የማኅበር ሱቅ ከገበያው ነጋዴ የሚለይበት አንዱ ምልክት በመጀመሪያ ዕቃው እንደታሸገ ያለን ብቻ መሸጡ፣ ማንበብ ለማይችለው ገበሬም ሻጩ ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብለት መሆኑ ነው።

የትናንት መልስ ለዛሬ ላይሆን ይችላል

አንድ ጊዜ የሠለጠነ ሻጭ ለዘለዓለም ዐዋቂ ሆኖ አይቀጥልም። የስንዴ ዋግ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ ለብዙ ዓመታት በአርሲ፣ በባሌና በሌሎችም የስንዴ አገሮች ተወዳጅ ነበር። በ2002/2003 የምርት ዘመን ግን ቢጫ ዋግ በሰፊው ተነሥቶ ኩብሳን ክፉኛ ጎዳው። ከዚያ በኋላ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ወደ ዲገሉ ዞረ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ፣ በ2005/2006 የምርት ዘመን፣ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተነሥቶ በባሌና በአርሲ የዲገሉን ማሳ አጠፋው።

ኩብሳን በደህናው ዘመን፣ ዲገሉንም ከቢጫ ዋጉ በኋላ የመከረ ሻጭ በጊዜው ትክክል ነበር። የዋግ ወሬ ከተሰማ በኋላ ሳይጠይቅ ያንኑ መምከሩን የቀጠለ ግን ገበሬውን ወደ ጉድጓድ መርቶታል። ስለዚህ ሻጩ በየዓመቱ ከመዝሪያ ወቅት በፊት ከልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ተገናኝቶ፣ የትኛው ዝርያ እንደደከመና የትኛው እንደተተካ ማወቅ አለበት። የማያውቀውን ሲጠየቅም «ይህን አላውቅም፤ የልማት ሠራተኛውን ጠይቀን ነገ ይምጡ» ማለት ነውር አይደለም። ገበሬውን ያለ ዕውቀት ከሚሸጥለት ሰው ይልቅ አላውቅም ያለው ሰው ይጠቅመዋል።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

የሻጩ ዕውቀት ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። እንዲያውቅና ያወቀውንም እንዲናገር የሚያደርገው የማኅበሩ አመራር ነው። በመሆኑም የሚከተሉትን በተግባር ማዋል ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ለሻጭነት ሰው ሲመረጥ ቁልፍ የሚጠብቅ ብቻ ሳይሆን ማሳ የሚያውቅና ማንበብ የሚችል ይሁን። የአካባቢውን አረም በስሙ የማይለይ ሰው የአረም መከላከያ ሊሸጥ አይችልም።

ሁለተኛ፣ የሻጩ ደመወዝ በሸጠው መርዝ መጠን የሚጨምር አይሁን። ጥቅሙ በጠርሙስ ቁጥር የተመሠረተ ሻጭ «ይህ አያስፈልግዎትም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ምክር እርሱ ነው። አንድ ጠርሙስ ሳይሸጥ ቢቀር ማኅበሩ የሚያጣው ጥቂት ብር ነው፤ የአባሉ ማሳ ቢቃጠል ግን አባሉንም አመኔታውንም ያጣል።

ሦስተኛ፣ በሱቁ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል። በሰሌዳው ላይ በየወቅቱ የሚሸጠው ዘር ስም፣ የሚስማማበት ከፍታ፣ የሚደርስበት ቀንና ድቃይ መሆን አለመሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ሻጩ በሌለበት ሰዓት እንኳ ተማሪ ልጅ ለአባቱ ሊያነብለት ይችላል።

አራተኛ፣ ማን የትኛውን ዘር፣ ከየትኛው ጭነት፣ መቼ እንደገዛ የሚመዘገብበት ደብተር ይኑር። ዘሩ ሳይበቅል ቢቀር ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ ለአምራቹም አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ገበሬ ሲመጣም ሻጩ «ያምናው እንዴት ሆነልዎት?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሦስትና አራት ዓመት የተጠራቀመ ደብተር ለዚያ ቀበሌ ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ ዕውቀት ይሆናል።

አምስተኛ፣ ዘር ለአባላት ከመከፋፈሉ በፊት መብቀሉ ይፈተን። ከጭነቱ 100 ፍሬ ቆጥሮ በረጠበ ጨርቅ መጠቅለልና ጨርቁ ሳይደርቅ ሳምንት ያህል ማቆየት ነው። ከመቶው ስንቱ እንደበቀለ ሲቆጠር የዘሩ ጉልበት ይታወቃል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ማንም ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

በመጨረሻም፣ የማኅበሩ ሱቅ በምን ደረጃ ላይ እንደሚገኝ ለማወቅ የተራዘመ ግምገማ አያስፈልግም። አንድ የአመራር አባል በገበያ ቀን ከሱቁ ጥግ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ይቁጠር። አንድ ገበሬ «የአረም መድኃኒት ስጠኝ» ሲል፣ ሻጩ እጁን ወደ መደርደሪያው ከመዘርጋቱ በፊት ስንት ጥያቄ ጠየቀ? ሦስትና አራት ከሆነ ሱቁ በደህና ሰው እጅ ነው። ምንም ካልጠየቀ ግን የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነጋገርበት የሚገባ አጀንዳ ተገኝቷል ማለት ነው።